ሁለት ዓርብ ገበያ



ከአንድም ከሁለትም ወዳጆቼ «ምነው ዝም አልህ? አገር እንዲህ ሆና ሳለ አንተ የምትጽፈው ጠፋህ?» የሚል ወቀሳ ደርሶኛል። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የዛሬው ጽሑፌም ስለ ምርጫ፣ ስለ በጀት ወይም ስለ ውጭ ምንዛሪ አይደለም። ስለ አንድ የጠጅ ቤት ዘፈን ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሲዘፈን ሰውን በሳቅ ስለሚያፈርስ፣ እኔን ግን አንድ ጊዜ በተማሪዎቼ ፊት ስላሳፈረኝ ዘፈን። «ታዲያ ይህ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ የምንሄደውም በእግር ነው።

ዘፈኑ ርእስ የለውም። ግጥሙንም እዚህ አልገለብጠውም፤ ብገለብጠውም ነገ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የአዝማሪ ነገር የታወቀ ነው፤ ብርሌውን የጨበጠ ሰው «ተቀበል!» ብሎ አንድ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ከመሰንቆው ጋር ያስማማዋል፣ ስንኙ እዚያው ተወልዶ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይሞታል። በዚህኛው ዘፈን ውስጥ ከአዝማሪ ወደ አዝማሪ የማይለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ቀልዱ ይለወጣል፣ ስድቡ ይለወጣል፣ የሴትየዋ መልክ እንደ አዝማሪው ምርጫ ይቀላል ይጠይማል፤ የቦታዎቹ ቅደም ተከተል ግን እንደ ዳዊት ንባብ አይነካም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የደብረ ታቦር ሰው፣ ሥራ ፈት ቢጤ፣ ሐሙስ ቀን ሐሙሲት ገበያ ይወርዳል። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የደራ ከተማ ናት። እዚያ አንዲት ቅቤ ሻጭ ያይና የቅቤውን ዋጋ ትቶ የሻጯን አድራሻ ይጠይቃል። እርሷም «ነገ ዓርብ ገበያ እንገናኝ» ትለዋለች። የሰውየው እናት ጋይንቴ ናት። ስለዚህ ዓርብ ገበያ ሲባል የሚያውቀው የእናቱን አገር፣ የታች ጋይንቱን ብቻ ነው። ሌሊቱን ተነሥቶ ወረታን፣ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ጋሳይን፣ ንፋስ መውጫን አቆራርጦ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ኳትኖ ሲደርስ፣ ዓርብ አልፎ ሌላ ዓርብ ሊመጣ ሆኗል። ሴትየዋ ደግሞ እዚያው ደራ ውስጥ፣ ከሐሙሲት በአንድ ቀን የእግር መንገድ በሚደረሰው በሌላው ዓርብ ገበያ፣ ራት ሠርታ ስትጠብቀው አምሽታ፣ ራቱ እንዳይበላሽ ብላ ሌላ ሰው አግብታለች።

እዚህ ላይ ጠጅ ቤቱ ይፈርሳል።

ሁለቱም ዓርብ ገበያዎች በእውን ያሉ ስፍራዎች ናቸው። አንዱ በደራ ወረዳ ነው፤ ሌላው የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ነው። በአገራችን ከተሞች የገበያቸውን ቀን ስም አድርገው መያዛቸው የተለመደ በመሆኑ፣ በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት ዓርብ ገበያ መኖሩ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ዘፈኑ ይህን የስም መደራረብ እንደ ቁልፍ መያዙ ነው። ቦታንና ዜማን ማዛመድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም አይደሉምን? እዚህ ግን ቦታው የዜማ መጠሪያ ከመሆን አልፎ ወደ ዳኝነት ገብቷል። አገሩን የሚያውቅ ይስቃል፤ የማያውቅ ይሳቅበታል።

መንገዱን ልከተል። ሰውየው መጀመሪያ የሚደርሰው ወረታ ነው። ወረታ በአማርኛ ለተደረገ ውለታ የሚከፈል ምላሽ ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ለሰው ያበደረውን፣ የደገሰውን፣ የዋሰውን ሁሉ ቆጥሮ «ስሙን ከለጠፋችሁት እንግዲህ ክፈሉኝ» ይላቸዋል። እነርሱም ወረታ የሚባለው ከተማው እንጂ ሰዉ እንዳልሆነ አስረድተው ይሸኙታል። (አንድ አዝማሪ በዚህ ስፍራ ላይ የጡረታ አበልን አስገብቶ ሲቀልድ ሰምቻለሁ፤ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ሁለት መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት።)

ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በቀጥታ ወደ ሰሜን የሄደ አዲስ ዘመን ይደርሳል፤ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ይህ የካርታ እውነት ነው። አዝማሪ ደግሞ እንዲህ ያለ ስጦታ አግኝቶ አያልፍም። «አዲስ ዘመን ቅርብ ናት፤ ምነው አንድ ጊዜ ብታያት?» ይሉታል። ሰውየው ግን ስሟን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯልና «እርሷስ ሁልጊዜም እንደቀረበች ናት» ብሎ ወደ ዳገቱ ይታጠፋል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን በወጣ ማግሥት የተመሠረተው የመንግሥት ጋዜጣም ይህንኑ ስም ይዞ ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም አሻግሮ እስከ እኛ ደርሷል። አዝማሪው ግን ስለ ጋዜጣው አንድ ቃል አይተነፍስም። መተንፈስም አያስፈልገው፤ ጠጪው ሁሉ ሰሙን አልፎ ወርቁ ላይ ደርሶ ይጠብቀዋል። እኔ በሦስት ገጽ መጣጥፍ የማልጨርሰውን ነገር እርሱ በአንድ የመንገድ መታጠፊያ ይጨርሰዋል።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው። ይህ መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልድያ የዘረጉት ነው፤ የአገሩ ሰው ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። ዘፈኑ ግን ከአስፋልቱም ከጠጠሩም የቀደመ ይመስለኛል፤ የሚያርፈው በእግረኛ ማረፊያ እንጂ በመኪና ማቆሚያ አይደለምና። ደብረ ታቦር ላይ አዝማሪው ከተማይቱን በስሟ ያሾፍባታል። የጌታ ብርሃነ መለኮት የተገለጠበት የገሊላው ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 575 ሜትር ቢሆን ነው፤ የእኛው ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ቅጂው ከዋናው ከአራት እጥፍ በላይ መብለጡ ነው። ሰውየው «ብርሃኑንማ አየሁት፤ የጠፋኝ ማገዶው ነው» እያለ ጋቢውን ይደርባል።

ስለ ደብረ ታቦር ሲነሣ የታሪክ ሰዎች ወዲያው ራስ ጉግሣን፣ ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ዐፄ ዮሐንስን ይጠራሉ። ዘፈኑ አንዳቸውንም አይጠራም። እኔ ግን መንገዱን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ የሄዱት በዚሁ በጋይንት አቅጣጫ፣ በጨጨሆ በኩል ነበር። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ብረት በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ መንገዱን እየናዱና እየደለደሉ ወራት ፈጅቶባቸዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሆነው ሽጉጣቸውን ጠጡ። አንዱ መድፍ ጎትቶ፣ ሌላው ቀጠሮ ይዞ፣ ሁለቱም በአንድ ዳገት ላይ። ይህን ለአንድ አዝማሪ ብነግረው «እርሳቸውስ የሚጠብቃቸው ነበረ» አለኝ፤ እስከ ዛሬ ቀልድ ይሁን ሐዘን አልለየሁትም።

ከደብረ ታቦር ወዲያ ጉና ነው። 4,100 ሜትር የሚያልፈው ይህ ተራራ በደመና ተጠቅልሎ ሲታይ የዓለም ጫፍ ይመስላል። በግርጌው ክምር ድንጋይ አለች። ሰውየው በረሀብ ዝሎ ሳለ «ክምር» የሚለውን ሲሰማ የጤፍ ክምር መስሎት ይሮጣል፤ ቃሉ ሳያልቅ ግን ድንጋዩ ይመጣበታል። ሰው ሁሉ የሚስቅበት ይህ ቦታ ነው። (በነገራችን ላይ ክምር ድንጋይ በቅርቡ የተቋቋመው የጉና በጌምድር ወረዳ መቀመጫ ናት። በጌምድር ጠቅላይ ግዛት ነበረ፤ ዛሬ ስሙ የአንድ ወረዳ ግማሽ ስም ሆኖ ከጉና ጥግ ተቀምጧል። ይህን ራሱን አንድ አዝማሪ ቢያገኘው ደስ ባለኝ።) ለጋሳይ እስካሁን ጥሩ ቀልድ አልተገኘላትም፤ ብርድና ድንች ብቻ ነው የሚጠቀስላት። ንፋስ መውጫ ላይ ግን ንፋሱ መውጫውን ሲያገኝ የሰውየውን ጋቢ ይዞት ይወጣል። ሰውየው ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ ወደ በሺሎ ሸለቆ ወደሚያቆለቁለው ታች ጋይንት የሚገባው እጀ ጠባቡን ብቻ ለብሶ ነው።

አሁን ወደ ውርደቴ ልመለስ።

ዶክትሬቴን ይዤ በተመለስሁ በዓመቱ ገደማ፣ ለጂኦግራፊ ተማሪዎች ስለ ቦታና ሥነ ቃል ዝምድና ገለጻ ሳደርግ ይህን ዘፈን ምሳሌ አደረግሁት። ካርታውን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ሐሙሲት አንድ ቀይ ነጥብ፣ ዓርብ ገበያ አንድ ቀይ ነጥብ፣ በመካከላቸው መስመር፣ ከመስመሩ በላይ ኪሎ ሜትሩ። «እንግዲህ እንደምታዩት» አልሁ፣ አዲስ ዶክተር በሚናገርበት ድምፅ፤ «ሐሙስ ሐሙሲት የዋለች ሴት ዓርብ ዓርብ ገበያ ልትገኝ አትችልም። ሥነ ቃላችን ለቃሉ ውበት እንጂ ለርቀት ደንታ የለውም።» ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የእኛስ ዓርብ ገበያ?»

«የእናንተ የት ነው?»

«ደራ ነዋ!»

አዳራሹ ፈረሰ። እኔ ለምን እንደተሳቀ የገባኝ ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ካርታዬ ላይ የደራው ዓርብ ገበያ አልነበረም፤ መለኪያው ትንንሽ ከተሞችን አያሳይም ነበርና። ከሐሙሲት ተነሥቶ በጉና ዞሮ ጋይንት የገባው ቂል፣ በከረባትና በሌዘር መጠቆሚያ ፊታቸው ቆሞ ነበር። ዘፈኑ በእርግጥም ስለ ርቀት ደንታ ነበረው። እንዲያውም ስለ ርቀት ካልሆነ ስለ ምንም አልነበረም።

አንባቢ «ዘፈኑን ታውቀው አልነበረምን? መጨረሻው እኮ ይህንኑ ይናገራል» ቢለኝ እውነት አለው። እኔ የማውቀው ግን የአባቴን ዘፈን ነበር። አባቴ የሚዘፍኑት ሰውየው ታች ጋይንት ደርሶ፣ ገበያው ባዶ ሆኖ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ በንፋስ መውጫና በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ ነው። ስለ ሌላው ዓርብ ገበያ አንድም ስንኝ አልነበረበትም። በልጅነቴ ቀልዱ ይኸው ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ሄዶ ገበያውን ያጣዋል፣ ከዚያም ይመለሳል። ሌሎች ለምን ያን ያህል እንደሚስቁ አይገባኝም ነበር።

ከዚያ ገለጻ በኋላ ካርታዬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። ሁለቱን ዓርብ ገበያዎች በአንድ መስመር አገናኝታችሁ ጉናን መሐላቸው አድርጉ። ከጉና ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የፋርጣንና የእስቴን አፈር ጠርገው ፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረግፉታል፤ ከዚያም ጣና ይገባሉ። ፎገራ የደለበው በደጋው አፈር ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ሩዝ ያላመዱት በዚያ ነው፤ ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ከጉና ወደ ምሥራቅ ስትሻገሩ ግን ዝናቡ ይሰስታል፣ መሬቱ ይቆማል፣ አፈሩ ይሳሳል። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ፤ ፎገራና ደራ አልነበሩም። ይኸው ነው እንግዲህ የዘፈኑ ሴራ፤ ራት ያለበት ዓርብ ገበያና ራት የሌለበት ዓርብ ገበያ።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ያረፉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የጂኦግራፊ ሰው ነበሩ። ረሀብ ከሰማይ በሚቀር ዝናብ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ገበሬውን አስቀድሞ ያጋለጠው ሥርዓት ውጤት ነው ብለው በጥናት ሞግተዋል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ቢኖር ስለ አማካይ ነው። በየስብሰባው «የደቡብ ጎንደር አማካይ ምርት በሄክታር ይህን ያህል ነው» ሲባል እሰማለሁ። የደራውን ዓርብ ገበያና የጋይንቱን ዓርብ ገበያ ደምሮ ለሁለት ሲያካፍሉት የሚገኘው ሦስተኛ ዓርብ ገበያ በምድር ላይ የለም፤ ማንም እዚያ ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ዕቅዱ ግን የሚታቀደው ለእርሱ ነው። የዘፈኑ ሰውዬ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱ ጋ ደርሷል።

እብናትን ዘፈኑ አያነሣትም፤ ከመንገዱ ወጣ ትላለችና። ምናልባት ደግ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እብናት ላይ ከወሎና ከበጌምድር የመጡ ረሀብተኞች የተሰበሰቡበት ሰፊ መጠለያ ነበር። በሚያዝያ ወር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደው እንዲወጡ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ዜናው ዓለምን አዳርሶ ነበር። እብናት ላይ የሚቀልድ አዝማሪ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የዘፈኑ ቦታዎች በሙሉ ተራ በተራ በዜና ተጠሩ። ጦርነቱ በጨጨሆ በኩል ወደ ጋይንት ገባ። ንፋስ መውጫ ዘጠኝ ቀን ያህል በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየች። ውጊያው ጋሳይና ጉና አካባቢ ደረሰ፤ በቡሄ ሰሞን፣ ደብረ ታቦር ስሟን ባገኘችበት በዓል አካባቢ፣ ከተማዋ ላይ በተተኮሰ ከባድ መሣሪያ የአንድ ቤተሰብ አምስት ሰዎች ሞቱ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ንፋስ መውጫ ላይ ታጣቂዎቹ የደፈሯቸውን የ16 ሴቶች ቃል ይፋ አደረገ። ሪፖርቱን ያነበብሁት ሌሊት ነው። የከተማዋ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ሳየው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ስም ስስቅ መኖሬ ታወሰኝና የሠራሁት ጥፋት ያለ ይመስል አፈርሁ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ ጥር ላይ አንድ እንግዳ ደብረ ታቦር መጥቶብኝ ጠጅ ቤት ወሰድሁት። አዝማሪው ከዚህ ቀደም የማውቀው ሰው ነው። ዘፈኑን ጠየቅሁት። መጀመሪያ አቅማማ፤ ኋላ መሰንቆውን ቃኘና ጀመረ። ሐሙሲት ሣቅን፣ ወረታ ሣቅን፣ የአዲስ ዘመንን መታጠፊያ በአዲስ ቀልድ አለፈው። ክምር ድንጋይ ላይ እንግዳዬ እንባው እስኪፈስ ሣቀ። ጋሳይ ደረሰ። ከጋሳይ በኋላ አዝማሪው ጥቂት በመሰንቆው ብቻ ሄደ፣ ያለ ቃል፤ ከዚያ ቀጥታ ዓርብ ገበያ ገባ።

አንድ ሞቅ ያለው ሰው ከጥግ ጮኸ፦ «ንፋስ መውጫን ዘለልህ እኮ!»

አዝማሪው ሳይቆም «ጌታዬ ይማሩኝ፤ እዚያ ላይ ቤት አልመታ ብሎኛል» አለው።

ሰውየውም ብርሌውን አስቀመጠ። ማንም «ተቀበል» አላለም።

በዓለም ላይ ይህ የደረሰው የእኛ ዘፈን ብቻ አይደለም። ቲፐሬሪ የምትባለውን የአየርላንድ ስፍራ የሚጠራው ዘፈን በ1912 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ለቲያትር ቤት መዝናኛ የተገጠመ፣ ለንደን ላይ አገሩ የናፈቀውን አየርላንዳዊ እያነሣ የሚያስቅ ዘፈን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወታደሮች እየዘፈኑት ፈረንሳይ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ የጦርነቱ ዘፈን ሆኖ ቀረ። የእነርሱ ዘፈን ቦታውን ይዞ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ፤ የእኛ ግን ጦር ሜዳው ራሱ ወደ ዘፈኑ መጣ። እነርሱ እየዘፈኑ ቀጠሉ፤ እኛ አንዱን ቦታ ዘለልነው። የቱ እንደሚሻል መፍረድ ይከብደኛል። በእኔ ግምት ግን የአዝማሪው ዝምታ በዚያ ሰሞን ከሰማኋቸው የሐዘን መግለጫዎች ሁሉ የከበደ ነበር፤ መግለጫዎቹ የቦታውን ስም ደጋግመው ሲጠሩ እርሱ ለመጥራት አልደፈረምና። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በተነሣው ጦርነት ያው መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ስንት ሌላ ቦታ ከዘፈኑ እንደወጣ እግዚአብሔር ይወቅ። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቀን ሲጨልምበት፣ ቀጠሮ ይዞ 150 ኪሎ ሜትር በእግሩ የሚሄድ ቂል እንኳን ያስቀናል።

በዚያ ምሽት ማግሥት ወደ አባቴ ቤት ሄድሁ። አባቴ ግንበኛ ነበሩ፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። በ1977 ዓ.ም. እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴን አስከትለው እኔን ተሸክመው ከታች ጋይንት ደብረ ታቦር የገቡት በእግራቸው ነው። ከጉዞው የማስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የአባቴን የአንገት ጀርባና ያን ዘፈን። «አሁን ንፋስ መውጫ ደረስን፤ ጋቢያችንን እንያዝ» ይሉኛል። «አሁን ክምር ድንጋይ ነው፤ ክምሩን ቁጠር» ይሉኛል። የቦታዎቹን ስም ያጠናሁት ከየትኛውም መጽሐፍ አስቀድሜ ከዚያ ትከሻ ላይ ነው።

የአዝማሪውን ነገር አጫወትኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። ከዚያ ለዓመታት ስጠይቅ ስተው የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ደራም ዓርብ ገበያ እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«ምን ነካህ? ወጣት ሳለሁ በየዓመቱ ለአጨዳ እወርድ አልነበረም? እንጀራቸውን በልቻለሁ።»

«ታዲያ ዘፈኑን ሲዘፍኑልኝ ያንን ለምን ተዉት?»

ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሱ። ብዙ ጊዜ ቆዩ፤ ጥያቄዬን የረሱት መስሎኝ ልነሣ ስል፦

«ርቦህ ነበር» አሉኝ። «ራት ያለበት ሌላ ዓርብ ገበያ አለ ብልህ፣ ወደዚያኛው ውሰደኝ ትለኝ ነበር። የእኔ ጉልበት ደግሞ እዚህ ድረስ ብቻ ነበረ።»